ዜማን ለድምፅ መምረጥ፤ ስለ ጃፓን የካራኦኬ ነጥብና ስለ ሴት ዘፋኞቻችን የቀረበ ሂስ

ባለፈው ዓመት በደብረ ታቦር በተደረገ አንድ የተማሪዎች የዘፈን ውድድር ላይ ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ከጋይንት የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች፤ በማደሪያው አካባቢ ስታንጎራጉር የሰማናት ሁሉ አንደኛ እንደምትወጣ አልተጠራጠርንም። ልጅቱ ግን የታወቀ የወንድ ዘፈን መርጣ ከስልክ በተለቀቀ አጃቢ ሙዚቃ ዘፈነች። አጃቢው የተዘጋጀው በባለ ዘፈኑ የድምፅ ከፍታ ስለ ነበረ፣ በመጀመሪያው ቤት ላይ ድምፅዋ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ፤ አዝማቹ ላይ ደርሳ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ብትዘል ደግሞ ጉሮሮዋ ተሰነጠቀ። ዳኞቹም በሰው ፊት «ድምፅ የላትም» ብለው ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በማደሪያውም ስታንጎራጉር አልተሰማችም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ፍርድ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። ዝቅተኛው ነጥብ የድምፅዋ ነበርን ወይስ የምርጫዋ? ምርጫዋስ ከሆነ፣ ለአንዲት ሴት ድምፅ የሚስማማ ዘፈን በምን ይታወቃል?

ዘፈንን ለነጥብ ሲባል ስለ መምረጥ ብዙ ከታሰበባቸው አገሮች አንዱ ጃፓን ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከዚያ ብንጀምር የሚጠቅም ይመስለኛል። ኤን.ኤች.ኬ. የተባለው የጃፓን ሬዲዮ ተራ ሰዎች የሚወዳደሩበትን የዘፈን ዝግጅት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፍርዱም የሚታወቀው በሚመታው የደወል ብዛት ነበር። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ኢኖዌ ዳይሱኬ የተባለ ሙዚቀኛ በኮቤ ከተማ ዘፋኝ የሌለበትን አጃቢ ሙዚቃ የሚያሰማ መሣሪያ ሠራ። «ካራኦኬ» የሚለው ቃል ትርጓሜም ባዶ ኦርኬስትራ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ መሣሪያው ራሱ ዳኛ ሆነ። በውስጡ የተቀመጠውን ዋና ዜማ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እያስተያየ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚህም ሌላ የድምፁን ጽናት፣ የምቱን አጠባበቅ፣ የመጮኽና የማለስለስ ልዩነቱን፣ የድምፁን መርገብገብ ይመዝናል።

በዚህ ምክንያት ለሴቶች የሚሰጠው የዘፈን ምርጫ ምክር በጃፓን እንደ አንድ ሙያ ተስፋፍቷል። ምክሩ ባጭሩ ሲነገር፣ ከታችኛው እስከ ላይኛው ድምፅ ያለው ርቀት ጠባብ የሆነ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ቃሉ ያልበዛ፣ አዝማቹ ከቤቱ ጎላ የሚል ዘፈን ምረጪ የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት ዘፈኖች አንዱ ቴሬሳ ቴንግ በ1986 ዓ.ም. ያወጣችው «ቶኪ ኖ ናጋሬ ኒ ሚ ኦ ማካሴ» ነው።

ምክሩ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ሳይመረምር ያልፋል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ «ለሴት የሚስማማ ዘፈን» ሲል ሴትን ሁሉ አንድ ድምፅ ያደርጋታል። እርግጥ ነው፣ ስንነጋገር የወንድ ድምፅ በሴኮንድ እስከ 120 ጊዜ ያህል፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይሁን እንጂ ይህ መካከለኛ ልክ እንጂ የእያንዳንዷ ሴት ልክ አይደለም። የአስናቀች ወርቁን ድምፅ ከአስቴር አወቀ ድምፅ ጋር ያስተያየ ሰው፣ ለአንዷ የሚበጀው ከፍታ ለሌላዋ እንደማይበጅ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ዝግታን እንደ ቅለት ይቆጥራል። ሚሶራ ሂባሪ በ1989 ዓ.ም. ያወጣችው «ካዋ ኖ ናጋሬ ኖ ዮ ኒ» አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ አዝማቹ ላይ ሲደረስ ግን ድምፅ ከደረት ወደ ስሱ የራስ ድምፅ ሳይሰበር መሻገር አለበት። በእኛም ዘንድ ከዚህ የባሰ ምሳሌ አለ። ትዝታ ዝግ ያለ ነው ብላ የመረጠችው ልጅ፣ በዛወርቅ አስፋው አንዱን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ምን ያህል እንደምትይዘው መድረክ ላይ ከወጣች በኋላ ነው የምታውቀው። ፈጣን ዘፈን ጉድለትን ይሸፍናል፤ ዝግ ያለ ዘፈን ግን ይገልጠዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ምክሩ ዘፈንን መምረጥ ከከፍታ መምረጥ ያስቀድማል። ይልቁንም የመሣሪያው ጠቃሚ ነገር ምክሩ ሳይሆን አንዲት ቁልፍ ናት። ይህች ቁልፍ አጃቢውን በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋለች። የወንድን ዘፈን ለሴት ለማስማማት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይበቃል። የጋይንቷን ልጅ ከሁለት እሳት መካከል ያወጣት የነበረው ይኸው ነው።

ይህም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር አገር ሴት አዝማሪ ስትዘፍን ማሲንቆ መቺው አስቀድሞ ድምፅዋን አዳምጦ የማሲንቆውን ጭራ ያጠብቃል ወይም ያላላል። ክራር ደርዳሪም ጅማቶቹን የሚቃኘው ለሚዘፍነው ሰው ነው። በሠርግ ቤት በከበሮና በጭብጨባ ሲዘፈን፣ አውጪዋ ከፍ አድርጋ ከጀመረችው ተቀባዮቹ መድረስ ስለማይችሉ ዜማው ዝቅ ብሎ እንደ ገና ይነሣል። በቀድሞው ልማድ መሣሪያው ዘፋኟን ይፈልጋል፤ በተቀረጸው አጃቢ ግን ዘፋኟ መሣሪያውን እንድትፈልግ ትገደዳለች። ስለዚህ የዘመኑ መሣሪያ አመጣው የምንለው ችግር፣ አያቶቻችን ችግር መሆኑን እንኳ ሳያውቁት የፈቱት ነው።

ከከፍታው ቀጥሎ የሚመጣው ቅኝት ነው። ጃፓኖች «ዮናኑኪ» የሚሉት፣ ትርጓሜውም አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የተወ ማለት የሆነው ስልት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል። እነዚህም የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ሦስተኛውና አምስተኛው፣ ማለት ሚ እና ላ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ የትዝታ ማይነር ይሆናል፤ ኤንካ የተባሉት የጃፓን የቁዘማ ዘፈኖች ብዙዎቹ የተደረሱት በዚህ ነው። «ሚያኮቡሺ» የሚባለው ሌላው ስልታቸው ደግሞ ከአምባሰላችን ጋር አንድ ዓይነት አቀማመጥ አለው። እንግዲህ ከእኛ አገር አንዲት ሴት የጃፓን ዘፈን ዘፍና ጥሩ ነጥብ ለማግኘት ብትሻ፣ ከአዲሶቹ ዘፈኖች ይልቅ በዮናኑኪ የተደረሰ ኤንካ ብትመርጥ ይሻላታል፤ ቋንቋው እንግዳ ቢሆንባትም ጆሮዋ መንገዱን ያውቀዋልና።

ነገር ግን ቅኝቱ መመሳሰሉ ነጥቡን ትክክለኛ አያደርገውም። መሣሪያው የሚለካው በፒያኖ እኩል ክፍፍል ነው፤ ማሲንቆና ክራር ግን በዚያ ክፍፍል አልታሰሩም። አንቺ ሆዬን ከማሲንቆ ጋር የተማረች ሴት እንደ ለመደችው ብትዘፍን፣ መሣሪያው ሳተች ብሎ ሊቈጥርባት ይችላል። የቅላጼም ነገር እንዲሁ ነው። በኤንካ ውስጥ «ኮቡሺ» የሚባል፣ ድምፅን በፍጥነት የማጠፍና የመመለስ ጌጥ አለ። የጃፓን መሣሪያ ይህን ጌጥ ለይቶ እንዲቈጥር ሆኖ ተሠርቷል፤ ምክንያቱም የሠሩት ሰዎች የገዛ ዘፈናቸውን ያውቃሉ። ማሪቱ ለገሰ በአምባሰልና በባቲ ዘፈኖቿ የምታሳየውን ቅላጼ የሚቈጥር መለኪያ ግን ማን ሠራ? መለኪያ ሁሉ ከአንድ ሕዝብ ሙዚቃ ይወጣል። በሰው መለኪያ የራስን ዘፈን መዝኖ «ጐደለ» ማለት ተገቢ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ፣ ለውድድር የወጣ ሰው የተሰጠውን ይዝፈን እንጂ ከፍታው ሁሉ እየተለካለት እንዴት ይሆናል ይል ይሆናል። እንደ ባላገሩ አይድልና ፋና ላምሮት ያሉ የቴሌቪዥን ውድድሮች ከተስፋፉ ወዲህ፣ የታዋቂ ዘፋኞችን ዘፈን ይዞ መወዳደር የተለመደ መንገድ ሆኗል። እኔም ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን አንዲት ልጅ በሌላ ሰው የድምፅ ከፍታ እንድትዘፍን ከተደረገች፣ የተመዘነው የእርሷ ችሎታ ሳይሆን ከባለ ዘፈኑ ድምፅ ጋር ያላት መመሳሰል ነው። ጫማን ሳይለኩ አጫምቶ «መሮጥ አትችልም» እንደ ማለት ይሆናል።

በዚህ መሠረት ለተማሪዎች ውድድር አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። መጀመሪያ፣ ከውድድሩ ቀን በፊት እያንዳንዷ ተወዳዳሪ የዘፈኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ ሞክራ ከፍታውን እንድትወስን ይፈቀድላት፤ የምንጠቀምበት ኪቦርድ ከፍታ መለወጫ ስላለው ይህ ወጪ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ዳኞች ለዜማው ትክክለኛነት፣ ለቅላጼውና ለቃሉ አነጋገር ለየብቻ ነጥብ ይስጡ፤ «ድምፅ የላትም» የሚል ፍርድም ከነምክንያቱ ካልሆነ አይነገር። ሦስተኛ፣ የሙዚቃ ፍላጎት ያለን ተማሪዎች በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ሴቶች በሠርግና በእንቁጣጣሽ የሚዘፍኗቸውን ዜማዎች ከነቅኝታቸውና ከነከፍታቸው ብንመዘግብ፣ ወደፊት የራሳችንን መለኪያ ለመሥራት መነሻ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ያቺን ልጅ አግኝቼ በሚመጣው ውድድር ትገቢያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄአት ነበር። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «በስልኩ ከሆነ አልገባም፤ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ካገኛችሁ ግን እሞክራለሁ» አለችኝ። ከእስቴ የመጣ አንድ ማሲንቆ መቺ ተማሪ በመካከላችን አለ፤ የቀረው የአዘጋጆቹ ፈቃድ ብቻ ነው።