የፀረ-ፎስፎሊፒድ ሲንድረም አዲሱ መስፈርትና የላብራቶሪው ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅና የአውሮፓ አቻው በጋራ ያወጡት የፀረ-ፎስፎሊፒድ ሲንድረም መመደቢያ መስፈርት፣ በ2006 የወጣውን የሲድኒ መስፈርት በነጥብ አሰጣጥ ተክቷል። የአዘጋጆቹ ትጋት የሚካድ አይደለም። በማረጋገጫው ጥናት በሽታው የሌለበትን ሰው ለይቶ የማስቀረት ብቃቱ፣ በሲድኒው 86 በመቶ የነበረው፣ 99 በመቶ ደርሷል። ያለበትን የማግኘት ብቃቱ ግን ከ99 ወደ 84 በመቶ ወርዷል።

ይህ መውረድ ማንን እንደሚጎዳ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ከ10ኛው ሳምንት በፊት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያስወረዳትና ሉፐስ አንቲኮአጉላንት በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ የተገኘባት ሴት፣ በሲድኒው መስፈርት ትመደብ ነበር። በአዲሱ መስፈርት ላብራቶሪው 5 ነጥብ ቢያስገኝላትም ሦስቱ ውርጃዎች ተደምረው 1 ነጥብ ብቻ ናቸው፤ ከሕመም ታሪክ በኩል ቢያንስ 3 ስለሚጠየቅ ከምድቡ ውጭ ትቀራለች። ለጥናት ይህ ጥብቅነት ተገቢ ነው፤ ሰነዱም የተዘጋጀው ለጥናት እንጂ ለሕክምና ውሳኔ እንዳልሆነ ይገልጻል። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ቶሎ የሚደርሰው ሠንጠረዡ እንጂ ማሳሰቢያው አይደለም። ነጥቡን ብቻ የደመረ ሐኪም፣ በሚቀጥለው እርግዝናዋ አስፒሪንና ሄፓሪን ሊነፍጋት ይችላል።

የላብራቶሪው ቁጥርም ጥያቄ ያስነሣል። ለአንቲካርዲዮሊፒንና ለፀረ-ቤታ-2 ግላይኮፕሮቲን 1 የተወሰነው ወሰን፣ መካከለኛው ከ40 እስከ 79፣ ከፍተኛው 80 አሃድና ከዚያ በላይ፣ በኤላይዛ ለተሠራ ምርመራ የወጣ ነው። በአውቶማቲክ መሣሪያ የተገኘ 80 ከኤላይዛው 80 ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የውጤት ወረቀቱ ዘዴውን ካልገለጸ ነጥብ መስጠት ግምት ነው።

ሉፐስ አንቲኮአጉላንት ደግሞ ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ በብልቃጥ ውስጥ መርጋትን ያዘገያል፣ በሰውነት ውስጥ ግን የደም መርጋትን ያስከትላል። ምርመራውም በቀላሉ ይዛባል። ሪቫሮክሳባን የሚወስድ ሰው ፀረ አካሉ ሳይኖርበት ውጤቱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ሄፓሪንና ዋርፋሪንም ንባቡን ያውካሉ። በተቃራኒው፣ ፕላዝማው ከመቀዝቀዙ በፊት ሁለት ጊዜ በሴንትሪፊዩጅ ካልተሽከረከረ፣ የቀሩት ፕሌትሌቶች ፎስፎሊፒድ ለቀው ፀረ አካሉን ይሸፍኑታል። ናሙና ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር በሚላክበት ቦታ ይህ ዋና ጉዳይ ነው። በመጠየቂያው ቅጽ ላይ የሚወሰደው መድኃኒትና የመጨረሻው መጠን የተወሰደበት ሰዓት ካልሰፈረ፣ የላብራቶሪው ባለሙያ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።