ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ ይሰማል ለማለት። እኔን ግን ሰሞኑን በሌላ ፍቺው ደረሰብኝ። የገዛ ጆሮዬ በገዛ ቤቴ ዋሸኝ። ያዋሸችውም ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን የተቀመጡ የምታህል አንዲት ጥቁር ሣጥን ናት።

ዕቃ የነጋዴ ጉዳይ እንጂ የሃያሲ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ዛሬ አብዛኞቻችን ዘፈን የምንሰማው ከሸክላ ወይም ከካሴት ሳይሆን ከኮምፒዩተርና ከእጅ ስልክ ነው። በሙዚቃውና በእኛ መካከል ምን እንደቆመ ካላወቅን፣ «ይህ ዘፈን ጥሩ ነው፣ ያኛው ደካማ ነው» የምንለው ፍርድ ምን ያህሉ የእኛ፣ ምን ያህሉስ የዕቃው እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ የዘፈኑ ሞገድ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተመዘገበበት ነው፤ እያንዳንዱም ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም። ስለዚህ ቁጥሮቹን መልሶ ከፍና ዝቅ ወደሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ አንድ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። እሱም ዳክ ይባላል። ድምፅ በሚያወጣ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ሆድ ውስጥ አንድ ዳክ አለ። ለብቻው የሚሸጠው ሣጥን የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ከኮምፒዩተሩ የውስጥ ትርምስ ወጥቶ በራሱ ቤት መቀመጡ ነው።

ወዳጄ ከዱባይ ሲመለስ አንዷን ይዞልኝ መጣ። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር፣ በቀይና በነጭ ሽቦ ደግሞ ከአሮጌው አምፕሊፋየሬ ጋር አያያዝኳት። መብራቷ በራ፤ ድምፅ ግን የለም። ለካስ ኮምፒዩተሩ የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው «በዚህች በኩል አውጣ» ካላሉት በለመደው በር ነው የሚያወጣው። ይህን አስተካክዬ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም ድምፅ በሰከንድ ወደ 48,000 ልኬት እየቀየረ ይልክላታል። የሲዲ ቅጂዎቼ 44,100 ስለሆኑ ቁጥሮቹ ማንም ሳያዛቸው መንገድ ላይ እንደገና ይሰላሉ ማለት ነው። ወደ 44,100 መለስኩት። የኮምፒዩተሩን የድምፅ መጠን እስከ ጫፉ ከፍቼም ማሳደግና መቀነሱን ለአምፕሊፋየሩ ተውኩ።

በመጀመሪያው ምሽት ያጫወትኩት የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሆኖ ከወጣው። ቀጥሎ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ»። አንባቢ ሆይ፣ ደስታዬን እንዴት ልግለጽልህ! ፒያኖው ክፍሉ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ማሕሙድ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ያን ሌሊት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ «መጋረጃው ተገፈፈ»፣ «ድምፁ አካል ገዛ» እያልኩ። ያ ጽሑፍ ታትሞ ቢሆን ዛሬ በምን ዓይኔ አያችሁ ነበር?

ያዳነችኝ ልጄ ናት። ትንሽ ቆማ አዳመጠችና «አባዬ፣ ጮኸ እንጂ ምኑ ተለወጠ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። በማግስቱ ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቮልት የሚለኩበትን ቴስተር ተውሼ፣ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ እያጫወትኩ ሁለቱንም ለካሁ። የኮምፒዩተሩ የራሱ መውጫ አንድ ቮልት ገደማ ሲሰጥ ሣጥኗ ሁለት ቮልት ትሰጣለች። እጥፍ ቮልት ማለት በድምፅ መለኪያ ስድስት ዴሲቤል ማለት ነው። ጆሮ የዚህ ዓይነቱን ልዩነት ሲያገኝ «ከፍ አለ» ብሎ ብቻ አያልፈውም፤ «ጠራ፣ ቀረበ፣ ሞቀ» ብሎ ይተረጉመዋል። የሻጭ ሱቅ ውስጥም ውዱ ዕቃ በትንሹ ከፍ ብሎ ከተከፈተ ነገሩ አለቀ።

እንግዲህ ፍርዱን እንደ አዲስ ጀመርነው። ሁለቱን መንገዶች በቴስተሩ እኩል አደረግኋቸው። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣ ሳንቲም እየወረወረች አንዴ በኮምፒዩተሩ፣ አንዴ በሣጥኗ በኩል ታጫውታለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። 16 ጊዜ ሞከርን። 9ኙን አገኘሁ። ምንም ሳልሰማ በግምት ብቻ ብናገር እንኳ 8 ያህል አገኝ ነበር! ሁለት ገጽ የጻፍኩለት መገፈፍ፣ ያ ሁሉ አካል መግዛት፣ ከአንድ የሳንቲም ዕጣ ያለፈ ዋጋ አልነበረውም።

ታዲያ ሣጥኗ ከንቱ ናት ማለት ነው? አይደለም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ዘፈኑን አቁመን ዝምታውን ስናዳምጥ ነገሩ ተገለበጠ። በኮምፒዩተሩ መውጫ ማውሱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጭራል፤ ሥራ ሲበዛበትም ንብ እንደገባበት ቀፎ ያጉረመርማል። በሣጥኗ በኩል ግን ጸጥታ ነው። ይህን 16 ጊዜ ሞክሬ 16ቱንም ለየሁ። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሣጥኗ የጨመረችልኝ ሙዚቃ ሳይሆን ዝምታ ነው። እንደ እማሆይ ፒያኖ በጸጥታ መካከል ለሚራመድ ሙዚቃ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ኮምፒዩተሩ የማይጭርና የማያጉረመርም ሰው ግን ገንዘቡን በኪሱ ቢያቆይ ይሻለዋል። የአፕል ኩባንያ የጆሮ ማዳመጫን ከስልክ ጋር ለማያያዝ በ9 ዶላር ለገበያ ባወጣት ትንሽ ገመድ ውስጥ እንኳ አንድ ሙሉ ዳክ አለ፤ ለተራ አድማጭ የሚጎድላት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ግን ሣጥኗን ያስመጣሁበትን እውነተኛ ምክንያት እስካሁን ደብቄያለሁ።

በ1981 ዓ.ም. እናቴ ዋሽንግተን ለሚኖረው ወንድሜ የካሴት ደብዳቤ ልካ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ቴፑ መሐል ይቀመጣል፣ ሁሉም በየተራው ይናገራል፣ በመጨረሻ እናት ታለቅሳለች። ወንድሜ ካሴቱን ይዞ ለዕረፍት ሲመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. እኔ ራሴ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥኩት። ቦታ እንዳይፈጅ ብዬ በኤምፒስሪ፣ በጣም አጥብቤ። «አሁንማ በኮምፒዩተር አለ» ተባባልንና ካሴቱ ላይ ሌላ ዘፈን ተቀዳበት። እናቴ አሁን የለችም። ድምፅዋም የቀረው በዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ሣጥኗ ድምፅዋን ታጠራልኛለች ብዬ ነበር። አጫወትኩት። እናቴ አልቀረበችም፤ የቴፑ ሽውታ ነው የቀረበው። ኤምፒስሪ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ፋይሉን የሚያሳንስ ዘዴ ነው። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ሺህ ቢት ሲወስድ፣ እኔ ለእናቴ የሰጠኋት 64 ሺህ ብቻ ነበር። የተጣለው ተጥሏል። ዳክ የተሰጠውን ቁጥር በታማኝነት ይተረጉማል እንጂ ያልተሰጠውን ቁጥር ከየትም አያመጣም።

የእናቴ ነገር የዘፈኖቻችንም ነገር ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ያ ዘመን አሥር ዓመት ያህል እንኳ ሳይዘልቅ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በየቅጂው ሽውታው ይጨምራል፣ ከፍተኛው ድምፅ ይደበዝዛል፣ ፍጥነቱም ይዛነፋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ያወጣው «ኢትዮፒክስ» ጥላሁንንና ማሕሙድን ዛሬ በጥራት እንድንሰማ ያደረገን በአዲስ ማጫወቻ አይደለም፤ የድሮዎቹን ቅጂዎች ፈልጎ በማሳተሙ ነው። የአራተኛ ቅጂ ግልባጭን በሺህ ዶላር ዳክ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው የግልባጩን ጉድለት ነው፤ ያውም አጥርቶ።

ሣጥኗን አልመለስኳትም፤ ጸጥታዋን ወድጄዋለሁ። ያቺን ሁለት ገጽ ግን ቀድጃታለሁ። መሳቢያችሁ ውስጥ የአባት ወይም የእናት ድምፅ ያለበት ካሴት ካለ፣ ለዳክ የምታወጡትን ገንዘብ በቅድሚያ ለደህና ቴፕ ማጫወቻ አውጡት። ሳታጠቡ፣ ቢያንስ በሲዲው ልክ ገልብጡት፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ካሴቱንም እባካችሁ አትጣሉት፤ ላዩ ላይም ምንም አትቅዱበት።