ገደሉን የለካው ተማሪ፤ ስለ «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ»

በዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ መግቢያ አካባቢ ብዙ አንባቢያን በጥድፊያ የሚያልፉት አንድ አጭር ትረካ አለ። ደራሲው የሰዋስውና የቅኔ ተማሪ ሳለ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገብቶ ሳይሞት ይወጣል። እንዴት እንደ ዳነ አያውቅም፤ የእግዚአብሔር ተአምር እንደ ሆነ ግን ያምናል። እስከዚህ ድረስ ያለው በገድላትና በተአምራት መጻሕፍታችን የለመድነው ነው። የሚቀጥለው ግን ያልለመድነው ነው። ተማሪው ረጅም ገመድ ይዞ የገደሉን ጥልቀት ይለካል፤ ያገኘውንም ስንዝር ሳያጎድል ይጽፋል። ከዚያም አምላኩን እያመሰገነ ወደ መምህሩ ቤት ይሄዳል።

ለዚህ ጸሐፊ የመጽሐፉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዳነው ሰው ገመድ ማንሣቱ ተአምሩን አላሳነሰበትም፤ እንዲያውም ከምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጣ ካወቀ በኋላ ነው ምስጋናው ልክ ያገኘው። መደነቅና መጠየቅ በአንድ ልብ ውስጥ ተጎራብተው ሊኖሩ እንደሚችሉ ሐተታው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ያሳየናል።

እኛ ግን መጽሐፉን ለሁለት ሰንጥቀን ማንበብ ለምደናል። አንዳንዱ አማኝ የከሃዲ መጽሐፍ ነው ብሎ ይሸሸዋል። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያለፍነው ደግሞ ጸሎቱን እንደ ቅርፊት ልጠን ጥለን ፍልስፍናውን ብቻ እንበላለን። ይህ ጸሐፊም በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ ዘመን ከሁለተኛው ወገን ነበረ። ጸሎት የሰፈረበትን ገጽ ሁሉ እየዘለለ እንዳነበበ ዛሬ ቢናዘዝ አያፍርም፤ የዘለለው የመጽሐፉን ልብ እንደ ነበረ የተረዳው ግን ዘግይቶ ነው።

መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። ዳዊት ደገመ፤ ዜማ ሞከረ፤ ቅኔ ተማረ፤ መጻሕፍትንም ከነትርጓሜያቸው ለዐሥር ዓመት ያህል አጠና። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበትና አገር በሃይማኖት በታመሰችበት ጊዜ ተከሰሰና ሸሸ። ሲሸሽ የያዘው ጥቂት ወርቅና የሚጸልይበትን መዝሙረ ዳዊት ነው። በተከዜ ሸለቆ ዋሻ አገኘና ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ተቀመጠ።

የዋሻው ክፍል እንደ ተውኔት ቢታይ አንድ ተዋናይ፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ዝምታ ብቻ ያሉበት ትዕይንት ነው። ሰውየው ይጸልያል፤ በጸሎቱ መካከል ግን የሚለምነው አምላክ በእርግጥ መኖሩን፣ ካለም መስማቱን ይጠይቃል። ይህ ለጸሐፌ ተውኔት አስቸጋሪ ቦታ ነው። ደካማ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ዳዊቱን አስጥሎ በጥርጣሬው ብቻ ያስጮኸው ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ ግን መጽሐፉን አይዘጋም። ጆሮን የፈጠረ እንዴት አይሰማም የሚለውን የመዝሙሩን ሐሳብ ይዞ ወደ ራሱ ጆሮና ልቡና ይመለሳል። ማን ሰጠኝ? ወላጆቼ። ለእነርሱስ? እንዲህ እያለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይወጣና ካልተፈጠረው ፈጣሪ ይደርሳል። በደረሰበትም ጊዜ እንደገና ይጸልያል። ጥያቄው የተነሣው ከጸሎት ነው፤ ያረፈውም በጸሎት ነው። የሚጠረጥረውን አምላክ በሌለበት አላማውም፤ ፊት ለፊት ጠየቀው እንጂ።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢባል ሩቅ መሄድ አያሻም። ትርጓሜ ቤት ያሳለፈ ሰው «አንድም» የሚለውን ቃል ያውቃል። መምህሩ አንዱን ፍች ሰጥቶ ሌላውን ያክልበታል፤ የፊተኛውን ግን አይሽረውም። ዘርዓ ያዕቆብ የእኛን ሊቃውንትና የፈረንጆቹን ትርጓሜ ጎን ለጎን ተምሮ፣ ብዙው ከልቡናው ጋር እንደማይስማማ አይቷል። ሆኖም «አንድም» ላይ መቆየት አልሆነለትም፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ማወቅ ፈለገ። ወግ አስተማረው፤ ወጉም አልበቃው አለ።

ስለ ጉድለቱም እንናገር። ጾምን፣ ምንኵስናን፣ የሙሴን ሕግና የእስልምናን ሕግ ሲመረምር፣ ድምፁ ከጠያቂነት ወደ ፈራጅነት ይለወጣል። አምላክ መኖሩን እንኳ የጠየቀው ልቡና፣ ፍርድ ላይ ሲደርስ ራሱን አይጠይቅም። በእንፍራዝ የሚተርከው የኋላ ሕይወቱ፣ ከሒሩት ጋር በእኩልነት የመሠረተውን ትዳር ከመሳሰሉ ውብ ገጾች በቀር፣ የዋሻው ውጥረት ረግቦበታል። በእንፍራዝም ለሰዎች ክርስቲያን መስሎ እየታየ ያመነውን በልቡ ሰውሮ ኖረ፤ ኑሮውም ዳዊት በመጻፍ ነበር። ይህንን ግብዝነት ብሎ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተከሶ አገር ጥሎ የሸሸ ሰው ከዚያ በኋላ ዝም ቢል፣ ዝምታው የሚመሰክረው በእርሱ ላይ ነው ወይስ በአድማጮቹ ላይ?

የደራሲነቱ ክርክርም አለ። የእጅ ጽሑፉን አገኘሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ወደ ፓሪስ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉ የሚሲዮናዊው የራሱ ድርሰት ነው አሉ፤ ክሎድ ሳምነር በ1970ዎቹ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገቱ፤ ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። ማን ጻፈው የሚለው ጥያቄ ለታሪካችን ትልቅ ነገር ነውና ንቀን አናልፈውም። የዋሻው ጸሎት ግን በሁለቱም መንገድ ያው ከባድ ነው። የአክሱሙ ደብተራ ከሆነ፣ በዳዊት ያደገ ልጅ በዳዊት ጠየቀ ማለት ነው። ሚሲዮናዊው ከሆነ ደግሞ፣ ሌላውን ሊያሳምን የመጣ ሰው የገዛ ጥርጣሬውን በሰው አገር ቋንቋ ደበቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ሐተታውን እንደገና የሚያነሣ አንባቢ ጸሎቱን እንዳይዘል፣ አማኙም ጥያቄውን እንዳይፈራ እንመክራለን። በገደሉ አፋፍ ላይ ገመድ ይዞ የቆመው ተማሪ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ከጥልቁ በሕይወት ወጥቷል፤ ይህን አይክድም። ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ግን ማወቅ ይፈልጋል።