የተቀበረችው መኪናና የታለፈው ጥያቄ

ስለ ተማሪዎች የአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴ ሲወራ አንድ ታሪክ ደጋግሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1970፣ የመጀመሪያው «የምድር ቀን» (አፕሪል 22) ሁለት ወር ሲቀረው፣ በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች «የህልውና ትርኢት» ያሉትን ሳምንት አዘጋጁ። ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ፎርድ ማቨሪክ መኪና ገዙ፤ ዋጋዋ 2,500 ዶላር ገደማ ነበር። በከተማው መሀል እየገፉ ወሰዷትና ካምፑሱ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት።

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ያኔ መኪናዎች እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነበር የሚያቃጥሉት። የሳንታ ክላራ ሸለቆ የፍራፍሬ እርሻዎችም ለቤትና ለመንገድ ሲባል እየተመነጠሩ ነበር። ይህን ሁሉ በቁጥር ከማስረዳት ይልቅ አንዲት መኪና መቅበር ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። እንደ ምስል ካየነው ተሳክቶላቸዋል።

ግን የኮሌጁ ጥቁር ተማሪዎች ተቃወሙ። ይህን ያህል ገንዘብ አፈር ከምታለብሱት፣ በከተማው ድሃ ሰፈሮች ላለው ችግር ብታውሉት አይሻልም ወይ ነው ያሉት። ታሪኩ ሲተረክ ይህ ተቃውሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ በዓሉን እንዳደፈረሰ ነገር። የኔ ትችት እዚህ ላይ ነው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች «አካባቢ አያገባንም» አላሉም። የጠየቁት፣ ስለ ህልውና ስትናገሩ የማንን ህልውና ማለታችሁ ነው የሚለውን ነው። ጥያቄው ከመኪናዋ ጋር አብሮ አልተቀበረም። በ1982 በሰሜን ካሮላይና ዋረን ካውንቲ፣ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት ቦታ፣ መርዛማ አፈር ሊደፋ ሲል ሕዝቡ መንገድ ላይ ተኝቶ የጭነት መኪናዎችን ለማስቆም ሞከረ፤ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። ዛሬ «የአካባቢ ፍትሕ» የምንለው ትግል ከዚያ ወዲህ ነው በስፋት የታወቀው።

ይህ ለኛ ምን ያደርግልናል? እዚህ እስራኤልም የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ አለው። በ1997 የተመሠረተው «መጋማ የሩካ» ክቪሽ ሼሽን ተቃውሞ ታግሏል። ሜዳና ኮረብታ እንዳይቆረስ መታገል ትክክል ነው። ግን ጥላ የሌለው የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በበጋ እንደ ምድጃ የሚግል የድሮ ብሎክ፣ ዛፍ የማይታይበት ሰፈርስ? እነሱም አካባቢ ናቸው። ወላጆቻችን በጎንደር ገጠር ዕቃ ጠግነው፣ ደጋግመው ይጠቀሙ ነበር፤ «አረንጓዴ» ብሎ ያጨበጨበላቸው ሰው የለም። ድህነትን እናወድስ ማለቴ አይደለም። ማጣት ያስተማረው እውቀትም እውቀት ነው፣ ሲታቀድ ይጠየቅ ማለቴ ነው።

ስለዚህ በካምፑሳችሁ አረንጓዴ ፕሮግራም ሲከፈት ራቅ ብላችሁ አትዩት፤ ግቡበት። ከገባችሁ በኋላ ግን ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል፣ የትኛው ሰፈር እንደሚጠቀም፣ ማን እንዳልተጠየቀ ጠይቁ። በዓል አበላሻችሁ የሚል ሰው አይጠፋም። በሳን ሆዜም ተብሏል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ መልስ ይፈልጋል።