ይገናኙ እንጂ አይዋሐዱ

ከሐኪም ተራራ ግርጌ፣ ሐረር ከተማ ውስጥ ያለ ቢሮ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ እንቢ ሲለው የሚረዳው ባለሙያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ስክሪን ሼር ስለጨመረ ባለሙያው ችግሩን በዓይኑ ያያል፤ ማስተካከል ግን አይችልም። «እሱን አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለውን ተጫኚ» እያለ ሰዓቱ ይነጉዳል። ስለዚህ መልእክቱን ኮምፒውተርን ከርቀት ከሚያዝዘው ሪሞት ዴስክቶፕ ጋር ማገናኘት ግድ ይላል። እኔ የምለው ይገናኙ እንጂ አይዋሐዱ ነው፦ ጥያቄው፣ ፈቃዱና መዝገቡ በመልእክት መለዋወጫው ይሁን፤ ማሽኑን የሚያዝዘው ግን ለብቻው የቆመ፣ ሰርቨሩም በራሳችን እጅ ያለ፣ እንደ ራስትዴስክ ያለ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ይሁን።

ማዋሐድ ለምን አይበጅም? የሥራ መልእክት መለዋወጫው ስላክ እ.ኤ.አ. በ2015 ስክሪንሂሮ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ፣ ሌላ ሰው ማውስና ኪቦርድ የሚይዝበትን ስክሪን ሼር ወደ ራሱ አስገባ፤ በኋላ ግን አስቀረው። በእኛም አገር ማስረጃው ቅርብ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ከፌስቡክ፣ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር ተገድቦ ለወራት ቆይቷል፤ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። መልእክቱና ሪሞት ዴስክቶፑ ተዋሕደው ቢሆን የቴሌግራም መገደብ የርቀት ሥራውንም ይዞት ይወድቅ ነበር። ለየብቻ ከቆሙ ግን ፈቃዱ በስልክ ተጠይቆ ሥራው ይቀጥላል። ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋም ራስትዴስክ በአንድ ሕንፃ ኔትወርክ ውስጥ በአይፒ አድራሻ በቀጥታ መገናኘት ስለሚችል፣ ቢያንስ ከክፍል ወደ ክፍል መረዳዳት አይቀርም።

አሠራሩ አያስቸግርም። ራስትዴስክ ሁለት አነስተኛ የሰርቨር ፕሮግራሞች አሉት፤ አንዱ ማሽኖቹን በመለያ ቁጥራቸው ያገናኛል፣ ሌላው በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው መረጃውን ያሸጋግራል። የቴሌግራም ቦት ደግሞ ጥያቄውን ተቀብሎ የማሽኑን መለያ ቁጥር ለባለሙያው ይልካል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጠየቀም ይመዘግባል። ጥበቡ ያለው መልእክቱ ውስጥ በማይገባው ነገር ላይ ነው። ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ፓስወርድ ሥራው ካለቀም በኋላ እዚያው ይቀመጣል፤ ነገ የሚገባ አባልም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፈቃድ የማሽኑ ባለቤት ስክሪኑ ላይ የምትጫነው «ተቀበል» ይሁን።

«እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያሉ የተዘጋጁ ሪሞት ዴስክቶፖች እያሉ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። በነጻ የሚሰጡት ለግል ጥቅም እንጂ ለንግድ አይደለም፤ ክፍያቸውም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ኤኒዴስክ ሰርቨሮቹ መጠቃታቸውንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አስታውቋል። የራስን ሰርቨር ማቆም ከጥቃት ነጻ አያወጣም፤ ኃላፊነቱን ግን ወደ ራስ ያመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ የደንበኛ መረጃ ያለበትን ስክሪን ማን እንዳየው መመዝገብ ለቢሮው ራሱ ይበጀዋል። ጠንካራው ተቃውሞ «መብራት ሲጠፋ፣ አፕዴት ሲዘገይ ማን ይጠብቀዋል?» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ላለው ሱቅ ስክሪን ሼር ይበቃዋል። ሐረርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ግን ጠባቂ ባለሙያ መመደብ የሚያዋጣ ወጪ ነው።

ግንኙነቱን ከሠራችሁ በኋላ ሁለት ፈተና ስጡት። ቴሌግራምን ዝጉና ባለሙያው በስልክ ተፈቅዶለት መግባት መቻሉን እዩ፤ ካልቻለ አዋሕዳችሁታል። ቀጥሎ ማንም «ተቀበል» የሚለውን ሳይጫን ባለሙያው ለመግባት እንዲሞክር አድርጉ፤ ከገባ ሥራው ገና አላለቀም።