አንነበብም ስላሉ የአማርኛ ፋይሎች የቀረበ ትችት

አንድ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲከፈት በፊደላችን ፈንታ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደርድሮ ቢገኝ፣ ብዙ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል፤ አንዳንዱም ቫይረስ ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ይህ የችኮላ ፍርድ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በመልኩ ሳይሆን በቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ ለሀ 4608፣ ለለ 4616 ተሰጥቷል። ከዚያ በፊት ግን የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የነበራቸው ቦታ ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚሁም ከፊሉ ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዘ ነው። 33ቱ ፊደላት ከነእርባታቸው ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል መልክ አኖሩ፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች አከፋፈሉት። በዚህ ብልሃት ብዙ መጻሕፍትና ጋዜጦች ታትመዋልና ድካማቸውን አንዘነጋም።

የምንነቅፈው ሁሉም በየራሱ አመዳደብ መሄዱን ነው። አንዱ የጻፈውን የሌላው ፎንት አያነበውም። የቁጥሩን ሠንጠረዥ ለሕዝብ ያልገለጸ ሠሪ ሥራውን በተወ ጊዜ፣ የሰው ጽሑፍ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ተዘግቶ ቀረ።

ሁለተኛው ነቀፋ በእኛ በተጠቃሚዎች ላይ ይወድቃል። አንዳንዶቻችን ጽሑፉን በሙሉ መርጠን በአዲስ ፎንት እንለውጠዋለን፤ ቁጥሩ የላቲን ስለ ሆነ ምንም አይሻሻልም። ከዚህ የከፋው ጽሑፉን ገልብጦ ፎንት በማይመዘግብ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቁጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሁለተኛው ፎንት ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል፤ የፎንቱ ስም ከተጣለ የትኛው እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? እስከዚያ ድረስ ጤነኛ የነበረውን ፋይል የገደለው እንግዲህ ሐኪሙ ነው።

በእኛ አስተያየት ሥራው በዚህ ተራ ቢሄድ ይሻላል። በመጀመሪያ ፋይሉን ገልብጦ ዋናውን ሳይነኩ ማኖር፤ ቀጥሎ በግልባጩ ውስጥ የተመዘገበውን የፎንት ስም ማየት፤ ያንን ፎንት ፈልጎ መጫን፤ ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ለዚያው ፎንት በተሠራ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር። በመጨረሻም አማርኛ የሚያውቅ ሰው አዲሱን ከአሮጌው ጋር መሥመር በመሥመር ያስተያየው፤ መለወጫ ሲስት ከአንባቢ ዓይን በቀር የሚያርመው የለምና።

ይህ ድካም ለከንቱ አይደለም። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ ባለቤቱ በሕይወት የሌለ የግል ማስታወሻ ይገኛል። አባቶቻችን ማንበብ ያልቻሉትን ብራና አንባቢ እስኪመጣ ያኖሩት ነበር እንጂ ወደ እሳት አልጣሉትም። እኛም «ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት ማንበብ ያቃተን እኛ እንደ ሆንን እንጠይቅ።