ራሱን የሚፈትሽ መሣሪያና የማይፈትሸው ስህተት

በደባርቅም ሆነ በዳባት አንዲት ነርስ የታማሚን ጣት በኦክሲሜትር ስትለካ የምታነበው ቁጥር በመሣሪያው ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒዩተር ያሰላው ውጤት ነው። ያ ኮምፒዩተር ቢሳሳት በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆርጅ ሬይስና አራት ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት «ስዊፍት» የተሰኘው ጥናት ነው። ጥናቱ በቀረበበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

የተነሣበት ችግር እውነተኛ ነው። ከኅዋ ጨረር የሚመነጩ ቅንጣቶች በኮምፒዩተር ቺፕ ውስጥ አንዱን ቢት ከ0 ወደ 1 ሊገለብጡት ይችላሉ። ቺፑ አይበላሽም፤ ውጤቱ ግን ማንም ሳያውቅ ይሳሳታል። ስዊፍት ተጨማሪ ሀርድዌር ሳይጠይቅ፣ በሶፍትዌር ብቻ፣ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ያሠራል፤ ውጤቱ በማኅደረ ትውስታ ከመጻፉ በፊትም ሁለቱን ያነጻጽራል። የትእዛዛቱንም አካሄድ ይቆጣጠራል። ይህ ሁሉ የሥራውን ጊዜ ያራዘመው በአማካይ በ41 በመቶ ገደማ መሆኑ የሚደነቅ ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴው የተፈተነው በሕክምና መሣሪያ ላይ ሳይሆን ኢታኒየም 2 በተባለው የትልልቅ ኮምፒዩተሮች ፕሮሰሰር ላይ ነው። ቁጠባው የተገኘውም ማኅደረ ትውስታው የራሱን ስህተት እንደሚያርም አስቀድሞ በመቀበል ነው፤ በአነስተኛና ርካሽ መሣሪያዎች ይህ ጥበቃ ብዙ ጊዜ አይገኝም። በተጨማሪም ዘዴው ስህተትን ያገኛል እንጂ አያርምም። ስህተቱ ከተገኘ በኋላ መሣሪያው ይቁም ወይስ ያስጠንቅቅ የሚለው ለአምራቹ የተተወ ነው። መድኃኒት በደም ሥር በሚሰጥ ፓምፕ ላይ ግን ድንገት መቆም ራሱ አደጋ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። ስዊፍት የሚያነጻጽረው ከአንድ ግብዓት የተገኙ ሁለት ስሌቶችን ነው። ሴንሰሩ የተሳሳተ መረጃ ከሰጠ ሁለቱ ስሌቶች በስህተቱ ይስማማሉ። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ብርድ ያደነዘዘው ጣት፣ የላላ ሴንሰር ወይም የጥፍር ቀለም የሚያስከትለው ስህተት በዚህ ማጣሪያ ሳይያዝ ያልፋል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የባለሙያው እውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናት አማካዩን የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። አንድ ጥናት ብቻውን ደንብ ባይሆንም፣ ደባርቅ ላይ 82 የሚል ቁጥር ሲታይ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ እንደማያዋጣ ያስገነዝባል። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ መናቅም እንዲሁ። ጣቱን አሙቆ፣ በሌላ ጣት ደግሞ መለካት፣ ትንፋሽ መቁጠር፣ ከንፈርና ምላስን ማየት ያስፈልጋል። ታማሚው ለመተንፈስ ከተቸገረ ግን ኦክስጅን መስጠቱ ማጣራቱን አይጠብቅም።

ሽልማቱ ለጥናቱ ይገባዋል። መሣሪያ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ ግን ጤና ተቋማት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፦ ማኅደረ ትውስታው ጥበቃ አለው? ሴንሰሩስ ይፈተሻል? ስህተት ሲገኝ መሣሪያው ምን ያደርጋል? «ራሱን ይፈትሻል» የተባለ መሣሪያ የሚፈትሸው የራሱን ስሌት ነው፤ ታማሚውን መመርመር የባለሙያው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።